አያ አድማሱና ዲጂታሉ ካርድ

እናንተ ቤት ቴሌቪዥኑ አልታይ ሲል ጣራ ላይ የሚወጣው ማን ነው? እኛ ቤት ባሌ ነው። ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ሳታዩት አትቀሩም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እሱ አንቴና አቅፎ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቱም ለምዶታል። አንጋጦ እንደምን አደርክ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ "ላም አለኝ በሰማይ" ብሎት ያልፋል።

ባሌ ሞላ ይባላል። መሥሪያ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ ልቡ ግን ያለው ሳሎናችን ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ዘንድ ነው። ኮምፒውተር ስላችሁ ደብዳቤ የሚጻፍበት እንዳይመስላችሁ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ሥርጭቱን ይቀበላል፣ ያሳያል፣ ይቀዳል፣ በሪሞት ይታዘዛል። ሞላ ራሱ ነው አሮጌ ዕቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደክሞኝ ስመለስ ያመለጠኝን ተቀድቶ አገኘዋለሁ። ሸጋ ነገር ነው፤ አልዋሽም። ችግሩ ሥርጭቱን የሚቀበለው ካርድ የድሮው፣ አናሎግ የሚሉት ነበር። ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እኛማ ለምደነው ነበር።

ነገር የመጣው የባሌ አባት፣ አያ አድማሱ፣ እኛ ዘንድ የገቡ ጊዜ ነው። የጭልጋ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብሎ ሞላ አመጣቸው፤ መሬቱን እኩል አራሽ ያዘው። ቤት ውስጥ መኖራቸው አይታወቅም። እህል ቀመስ አድርገው ይተዋሉ። ጠይቀናቸው ካልሆነ አይናገሩም። ሞላ አባቱን በምን እንደሚያጫውት ጨንቆት ሳለ አንድ የሚወዱት ነገር ተገኘ። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርበው የእርሻ ፕሮግራም። በሬ ሲመጣ ወንበራቸውን ሳብ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ታዲያ ይኸ በሬ ቡሬ ነው ዳለቻ ብለው ጠየቁ። ሞላ ዳለቻ ነው አላቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩና፣ ማሽንህ ጉም አለበት ልጄ አሉት።

እናቱን የቀበረ ሰው አባቱን የሚያስደስትበት አንድ ነገር አገኘ፤ እሱም ጉም አለው። እንዴት እንቅልፍ ይውሰደው?

አናሎግ ጊዜው አልፏል፣ አገሩም ወደ ዲጂታል እየዞረ ነው አለኝ። በዲጂታል ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ይቆራረጣል፤ ድብዝዝ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ካርድ ካስገባንማ አንዱ ሲያሳየን ሌላው ይቀዳልናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ተለመነና ካርዶቹ መጡ። ዋናው ቦርድ ላይ ግን የሚሰኩበት ቦታ የለም። ቦርዱ ተቀየረ። አዲሱ ቦርድ ደግሞ የድሮውን ሜሞሪ አልቀበልም አለ። እሱም ተቀየረ። ለአንድ ቁልፍ ሲሉ በሩን፣ ለበሩ ሲሉ ግድግዳውን ማፍረስ ማለት ይኸ ነው። ሳሎኑ ሽቦ በሽቦ ሆኖ፣ አያ አድማሱ ጭቃ እንደሚሻገር ሰው ጋቢያቸውን ሰብስበው ነበር የሚያልፉት።

አንድ እሑድ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሞላ ጣቢያዎቹን አስፈልጎ ከፈተው። ምን ልበላችሁ? የጋዜጠኛዋ ጉትቻ ላይ ያለው ፈርጥ ሳይቀር ይታያል። እኔ አጨበጨብኩ። ሞላ ግን እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ አባቱ ላይ ነው። አያ አድማሱ ትክ ብለው ተመለከቱና፣ ሸጋ ነው፣ እግዜር ይስጥህ፣ ጉሙ ግን አለቀቀም አሉ።

እኔ፣ ኧረ ጥርት ብሏል አልኩ። አንቺ ከድሮው ጋር እያወዳደርሽ ነው አለኝ ሞላ። ዲጂታል ድብዝዝ አያውቅም ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ ብዬ ብጠይቀውም አልሰማኝም። አባቴ ውሸት አያውቅም ብሎኝ ጣራ ላይ ወጣ። አንቴናውን አዞረው። ኬብሉን ቀየረው። ወርዶ ይጠይቃቸዋል፤ አለ ልጄ፣ አለ ይሉታል። ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አያ አድማሱ ግቢው ውስጥ ሲናገሩ ሰማሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

"እንደምን ዋልሽ አልኩሽ እኮ፤ ዝም አልሽኝ" ይላሉ። "ብትቀየሚኝስ፣ ሰላምታ ይነፈጋል?"

ከፊታቸው ሰው የለም። ገመድ ላይ የሰጣሁት አረንጓዴ ቀሚሴ ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጉሙ የት እንዳለ ገባኝ።

ዘንቢሌን አስቀምጬ እጃቸውን ያዝኳቸው። አያ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? አልኳቸው። ቀሚሱን ዳበስ አደረጉት፣ ወዲያው ገባቸው። አልካዱኝም። ባለቤታቸው ሳይታመሙ በፊት ጀምሮ መደብዘዙን፣ አሁን ሰውን በድምፁና በልብሱ ቀለም እንደሚለዩ ነገሩኝ። ምነው ለሞላ አልነገሩትም ስላቸው ድምፃቸው ቀጠነ።

"ዓይኔ ጠፋ ካልኩ ማን ወደ ደጄ ይመልሰኛል? እዚሁ ተቀመጥ ትሉኛላችሁ። እኔ እዚያ ነው መሞት የምፈልገው።"

ልጃቸው ጣራ ላይ በወጣ ቁጥር ያሳዝናቸው ነበር። ግን በማሽኑ ማሳበቡ ቀለላቸው። ማሽን አይከስ፣ አይቀየም።

እዚያው ቀሚሱ ሥር ውል ገባን። እሳቸው ሊታከሙ፤ ዓይናቸው ሲበራ ደግሞ እኔ ራሴ ጭልጋ በሚወስደው የአይከል መኪና ላይ ላሳፍራቸው። በማርያም? አሉኝ። በማርያም አልኳቸው።

ለሞላ ስነግረው የያዘውን ኬብል መሬት ላይ አስቀመጠው። ማሽኑ ደህና ነበር ማለት ነው አለ። ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አልታወቀውም። አልፈረድኩበትም። ማን የአባቱን ዓይን ይጠረጥራል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲደበድብ የከረመው ዳውላውን ኖሯል።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይነሣል አለ። መጀመሪያ አንደኛው፣ ሲያገግሙ ሌላው። አንደኛው በተሠራ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሞላ ፊታቸው ቆሞ ነበር። አያ አድማሱ አይተው አይተው አልጠገቡትም። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ፀጉሩን ነኩት።

"ምነው ልጄ፣ መቼ ሸበትህ?"

ሞላ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸው ላይ ተደፋ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ውጭ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።

ቤት ስንገባ የተቀዳውን የእርሻ ፕሮግራም ከፈትንላቸው። በሬ መጣ። ቡሬ ነው አሉ፤ ማንንም አልጠየቁም። የሞላን ፊት ባያችሁት። ጥቂት እንዳዩ ግን በቃኝ አሉ። የሰው በሬ ማየት ምን ይሠራልኛል፣ የራሴ እያለኝ? ቃል ቃል ነውና ሐኪሙ ሲፈቅድ አሳፈርኳቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ወጌ ደህና ምክር ይወጣው ነበር። የታመመን ማሳከም ጽድቅ ነው ብለን እንለያይ ነበር። ግን የበራ ዓይን መች ያርፋል? አያ አድማሱ አገራቸው ገብተው መሬታቸውን ዞር ዞር ብለው ቢያዩ፣ ጎረቤታቸው አያ ተገኝ ባረሱ ቁጥር አንድ አንድ ትልም እየጨመሩ የድንበሩን ድንጋይ ወደ አያ አድማሱ ጓሮ አምጥተውታል። ወዲያው ለሞላ ስልክ ተደወለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ቀኑ ሁሉ ጭልጋ፣ ሽማግሌ ፊት አለቀ። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አለ አንድ ቀን አቧራውን እያራገፈ። ሁለቱ ካርዶችም ማንም የማያየውን ሲቀዱ ይውላሉ።

በቀደም አያ ተገኝን እዚሁ ጎንደር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ይሸሹኛል ስል ጉንጬን ስመው የሁላችንን ደኅንነት ጠየቁ። ሽማግሌ ፈርዶ ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለሳቸውን ራሳቸው ነገሩኝ። ሊለዩኝ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአያ አድማሱ ሁለተኛ ዓይን መቼ ነው የሚሠራው አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ነው አልኳቸው። ተከዙ።

"ተይ ልጄ፣ እንዲህ አትጨክኑ" አሉኝ። "አንዷን እንኳ ለጎረቤት ተዉለት።"