ሊቀ ሳጥን እና እረፍት የሌላት ቅንጣት

አንድ ትምህርት ብቻ የሚያስተምር መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት በዓለም ላይ የለም። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ቢኖረውም እሱ አሥራ አንዱን በሩጫ አልፎ አንዱ ላይ ድንኳኑን ይተክላል። እናንተንም አስተምሯችኋል። ስሙን ረስታችሁት ይሆናል፤ ትምህርቱን ግን ከእንቅልፋችሁ ቢቀሰቅሷችሁ ሳትሳሳቱ ትወጡታላችሁ።

የዚህኛው የፊዚክስ መምህር ትምህርት ሳጥን ነበር። ተማሪዎቹ «ሊቀ ሳጥን» ብለው ሾሙት። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ሹመቱ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ትምህርቱ ይህ ነው። ለዓይን የማትታይ አንዲት ቅንጣት ግድግዳው በማይበሳ ሳጥን ውስጥ ተዘግታለች። እኛ ብንሆን ጥግ ይዘን ጋደም እንል ነበር። እሷ ጋደም ማለት አይፈቀድላትም፤ እስከ ዘላለም ትቅበዘበዛለች። ጉልበቷም እንደ ደረጃ ነው፤ ወይ አንደኛው እርከን ላይ ትቆማለች ወይ ሁለተኛው ላይ፣ በመሀል እግር ማንጠልጠል የለም። ቆጠራው ደግሞ ከአንድ ይጀምራል።

«ዜሮ ካልክ» ይላል ሊቀ ሳጥን ጠመኔውን እያወዛወዘ፣ «ሳጥኑ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው። ሰው የሌለበትን ቤት ምን ታንኳኳለህ?»

በፈተና ዜሮ የጻፈ ተማሪ የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም የጥያቄውን ሙሉ ማርክ ያጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። ልጆች አለቀሱ፣ ወላጆች ለአቤቱታ መጡ፣ ወላጆቹም ስለ ሳጥኑ ተማሩ። አንድ ግንበኛ እጅጌውን ሰብስቦ ለጠብ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ልጄ ነው ጥፋተኛው» እያለ ወጣ።

ከትምህርት ቤት ውጭም ሰላም አይሰጥም ነበር። በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ለተጣበቀች ሴትዮ፣ ሳጥኑ በጠበበ ቁጥር የቅንጣቷ መቅበዝበዝ እንደሚብስ ሲያስረዳት መውረጃዋ ሳይደርስ ወረደች። ጎረቤቱ ጡረተኛው ፖሊስ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ጽና» ብሎ ተነሳ። ሊቀ ሳጥን ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ የተዘጋበት ነገር ሁሉ አርፎ መቀመጥ እንደማይችል በሰፊው አብራራለት። የሊቀ ሳጥን ሚስት ባሏን ቆነጠጠችው። በኋላ ግን ፖሊሱ ለእሷ ብቻ፣ «መቅበዝበዜ ጥፋት እንዳልሆነ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው» አላት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ብትሆንም በፈተና ሰሞን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ታግዘዋለች፤ እሱ መልሱን ይጽፍላታል፣ እሷ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ዜሮ ትፈልጋለች። ከፊዚክስ የምታውቀው ይህንን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በራሱ እጅ በጻፈው መልስ ላይ ቆጠራው ከዜሮ ሲጀምር አየች። ሊፈትናት መሰላት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። «ትክክል ነው፤ ቀጥይ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። ሻይ ውስጥ ጨው የጨመረ ዕለት፣ የጎረቤት በር በራሱ ቁልፍ ሊከፍት የታገለ ዕለት ምክንያት ፈልጋለት ነበር። ለዚህ ግን ምክንያት አጣችለት።

ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ሐኪሙ የቀድሞ ተማሪው ሆኖ ተገኘ። ዓመተ ምህረቱን ቢጠይቀው አራት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። ሰዓት እንዲስል ወረቀት ቢሰጠው ሳጥን ሣለበት። «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ በመጠየቁ ሐኪሙ አርባ ደቂቃ ተማረ፤ ሁለት ጊዜ ግን ትምህርቱ መሀል ላይ ተቆርጦ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ብዙ ጊዜ የኖረበት ነገር ከአእምሮው መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፣ እትዬ» አላት። «ግን ይሄዳል።»

ለጡረታው አራት ወር ቀርቶታል። የሳጥኑ ምዕራፍ የሚደርሰው በሁለተኛው ወር ላይ ነው። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሳጥኑን አንድ ጊዜ አስተምሮ፣ ክንዱን ማንም ሳይዘው፣ በእግሩ ከክፍል እንዲወጣ። ስለዚህ ለማንም አልተነፈሰችም። ጠዋት ጠዋት ክር ልገዛ ነው እያለች እስከ በሩ ትሸኘዋለች፤ የክር ሳጥኗ ሊፈነዳ ደረሰ።

ትምህርቱ ከእጁ እያመለጠ ሲመጣ፣ የድሮ ደብተሩን አውጥታ አምስቱን ዋና ዋና መስመሮች በነጩ ጋዋኑ የግራ እጅጌ ውስጠኛ ጫፍ ላይ በሰማያዊ ክር ጠለፈችለት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ስትሳሳት እየተረተረች፣ ደህና በሆነበት ሰዓት ለምን እንደተሳሳተች እየጠየቀችው፣ መርፌው እጇ ላይ እንዳለ ትምህርቱ ገባት። ኮራጅ ሲያሳድድ ዕድሜውን ለፈጀ ሰው ሚስቱ መኮረጃ ሰፋችለት።

ቀኑ ደረሰ። እሷ መነጽር ረስቶ ነው ብላ ግቢው ገብታ በክፍሉ መስኮት በኩል ቆመች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እንደ ውኃ ተናገራቸው። ሦስተኛው ላይ ጠመኔው ቆመ። እጅጌውን ገልበጥ አደረገ፣ አየው፣ ክንዱን አዞረ፣ አንገቱን አጣመመ፣ በመጨረሻም ራሱ ዞረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ስህተቷ ወዲያው ገባት። ጋዋኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ማንኛውም ጥልፍ ለተመልካች እንደሚጠለፈው አድርጋ ጠልፋው ነበር። ለለባሹ የተዘቀዘቀ ነው። ለባሹ ላይ ሳትለካ የሰጠችው የመጀመሪያ ልብስ ይህ ነበር።

ፊት ወንበር ላይ ያለች ተማሪ ግን ሰማያዊውን ክር አየች። ለእሷ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ሳቋን አቆመች፤ ተነስታም አጠገቡ መጣችና፣ «ቲቸር፣ ላንብብልዎት?» አለችው።

መስመር በመስመር አነበበችለት። እሱም እየተከተለ ጻፈ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይም የራሱን ቁጣ ጨመረበት። እስከ መጨረሻው አስተማረ። ሳቁን ሰምቶ የመጣው ርዕሰ መምህር በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። በሳምንቱ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ሊቀ ሳጥንም ከጡረታው በፊት ቤት ዋለ።

አሁን ከስፌት መኪናው አጠገብ ይቀመጣል። ሲከፋው ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ያን ጊዜ ስፌቷን ሳታቆም ስለ ሳጥኑ ትነግረዋለች፤ እሱም ይቀመጥና ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማታል። በየቀኑ አዲስ ነው። ከተማሪዎቹ አንዳቸውም ያልጠየቁትን ይጠይቃታል።

አንድ ቀን፣ «ታዲያ ቅንጣቷ የት ጋ ናት?» አላት።

«የት ጋ እንዳለች መናገር አይቻልም። ሳጥኑ ውስጥ መሆኗ ግን እርግጥ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ማን አስተማረሽ?»

«አንድ መምህር ነበር። ሲበዛ አሰልቺ ሰውዬ።»

ከልቡ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ፣ «አሁንስ የት ነው?» አላት።

የስፌት መኪናውን መርገጫ አቆመች።

«የት ጋ እንደሆነ አላውቅም» አለችው። «እሱ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ክፍሉን ቀስ ብሎ በዓይኑ ዞረው። ከዚያም ወንበሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ለሰውየው ቦታ ለቀቀለት።