ለቋሚ ኮሚቴው ያጠናነው መልስ

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ይህ የአባቶች ወግ ነው፤ ነውር የለበትም። መሥሪያ ቤት ላይ ጠያቂ ሲመጣ ግን ወለሉ ብቻ አይደለም የሚጠረገው፤ የሠራተኛው ትዝታም አብሮ ይጠረጋል። በአንዱ እንዲህ ያለ ጠረጋ መጥረጊያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማዕረጌ ግን «የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ» ይባል ነበር፤ ደስ አይልም?

ዘመኑ ሁሉም ነገር በግምገማ ተጀምሮ በግምገማ የሚያልቅበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነው። ቡሬ ላይ የበቆሎ ምርጥ ዘር አዘጋጅቶ ለገበሬ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ከኛ የተወሰደው ዘር በብዙ ማሳ ሳይበቅል ቀረ። ገበሬው አቤት አለ። አቤቱታው ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን እያለ ባሕር ዳር ገባ፤ የክልሉ ምክር ቤት የግብርና ቋሚ ኮሚቴም «መጥተን እናጣራለን» የሚል ደብዳቤ ላከ።

ሥራ አስኪያጃችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ «በል አዘጋጅ» አለኝ። ምኑን እንደማዘጋጅ አልነገረኝም። ጤነኛ ሰው «ዘሩ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጀምር ነበር። እኔ «ምን እንበል?» ብዬ ጀመርኩ።

ዘሩ ምን እንደሆነ የሚያውቁት የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ይርዳው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቃል መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በሚያዝያ ዝናብ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ዘሩን አረጠበው። እሳቸው በደብዳቤ አሳወቁ። ከላይ «አድርቃችሁ በአዲስ ጆንያ አሽጉት» ተባለ። ይህንኑ አንድ በአንድ አጫወቱኝ። እኔም ሰምቼ ስጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይህንን እንዳይናገሩ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበል ልጄ?»

«"ሰነዱ እንደሚያመለክተው ዘሩ ጥራቱን የጠበቀ ነው" ይበሉ።»

«ሰነዱን ማን ጻፈው ቢሉኝስ?»

«እሱን አይጠይቁም።»

ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናኋቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ፊቴ ቆመው ውሸት ሲያነበንቡ፣ ሲሳሳቱም እኔ ሳርማቸው! ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

መልሱን ለሁሉም በወረቀት አዘጋጀሁት። ርእሱ «ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎችና የመከላከያ መልሶች» ነው። «ስለ ጣሪያው ከተነሳ፦ ነገሩን ወደ ዝናብ እጥረት መልሱት። ገበሬ ከተናገረ፦ ስለ አዘራሩ ጠይቁት» እያለ ይወርዳል። ለእንግዶቹ ደግሞ ባለ ፎቶግራፍ ሪፖርት አሳተምን። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቢጫ አቃፊ ከተትኳቸው። ለምን ቢሉኝ፣ ለውበት።

ቀኑ ደረሰ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ናቸው፤ ብዙ ዓመት አስተምረው፣ ድምፅ ሳያነሱ ክፍል ጸጥ ማሰኘት የለመዱ። አቃፊያቸውን ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ከቡሬ ዙሪያ የመጡ አያ ታደገ የሚባሉ ገበሬ መጀመሪያ ተናገሩ። ሁለት ጥማድ መሬታቸው ጦሙን አድሯል። የሰብል ባለሙያችን እንደተጠናው ተነሥቶ «በስንት ሴንቲ ሜትር አራርቀው ነው የዘሩት?» ሲል ጠየቃቸው። አያ ታደገ ቀስ ብለው አዩት። «እኔ በቆሎ ስዘራ አንተ ገና አልተዘራህም» አሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እንሰማለን። የእናንተ ዘር ግን እንኳን ሊስብ፣ ራሱን ከአፈር ማውጣት አቃተው።»

አዳራሹ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ሰብሳቢዋ ስለ ጣሪያው ጠየቁ። ባለሙያው «ዘንድሮ እንኳን ዝናቡ አጥሮ ነው» አለ። እሳቸው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህ የተጻፈው "የዝናብ እጥረት" ነው። እሱ "አጥሮ" አለ። ልዩነት አለው?»

የያዝኩትን አቃፊ ገለጥኩት። የእንግዶቹ ሪፖርት የሚያማምሩ ፎቶግራፎች ሳቁብኝ።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «የት ቆይተሽ ነው?» እላት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጋሼ ይርዳው ተነሡ። «ሰነዱ እንደሚያመለክተው...» ብለው ጀመሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰነዱን ተዉት፣ እመቤቴ። ዘሩ ረጥቦ ነበር። ጽፌ አሳውቄያለሁ፤ ግልባጩ እጄ ላይ አለ። አሽጉት ሲሉኝ ግን ያሸግሁት እኔው ነኝ።» ወደ ገበሬው ዞሩ። «አያ ታደገ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አያ ታደገ «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አሉና እኔን አዩኝ። «ይህስ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ያቀረቀረ?»

ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ ምርመራ የሚጠብቀው ድርጅት ምክር ቢጠይቀኝ የምለው አጭር ነው፦ አስቀድመህ መጋዘንህ ግባ። የሆነውን የሚያውቀውን ሰው ፈልገህ ስማው፤ ሰምተህም አፉን አትያዝ። ደብዳቤህን ሰብስብ እንጂ አትደብቅ። የማታውቀውን «አላውቅም» በል። ለዚህ ሦስት ቀን ጥናት አያስፈልግም፤ ያነሰን ትንሽ ወኔ ነበር።

ፍጻሜውን ልንገራችሁ። ለገበሬዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት ምትክ ዘር ተወሰነላቸው፤ ያለፈውን ክረምት ግን ማን ይተካዋል? ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረ። ጋሼ ይርዳው «የረጠበ ዘር አሽገዋል» ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እኔስ? ድርጅታችን «የውስጥ ሰነዱን ሳይደብቅ በገዛ ፈቃዱ በማቅረብ ላሳየው ግልጽነት» በኮሚቴው ሪፖርት ተመሰገነ፤ ሰነዱን በእጁ ያስረከበው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊም ፍኖተ ሰላም፣ የዞኑ አዳራሽ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ተበረከተለት። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ጋሼ ይርዳውም ከኋላ ረድፍ ቆመው ያጨበጭባሉ። አሁንስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ይህ ውጤት» አልኩ፣ «የሁላችንም የጋራ ሥራ ነው።»