እትዬ ከጉድጓዱ አልወጣም አሉ

በየግቢው አንድ «እስቲ አሳየኝ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ለኛ ግቢ የደረሱን አከራያችን እትዬ ናቸው። ክብርት ዋና ተቆጣጣሪ ብላቸው አይበዛባቸውም። ሐኪሙ «ሳንባዎ ደህና ነው» ቢላቸው «እስቲ አሳየኝ!» ብለው ራጁን መስኮት ላይ አስይዘው የጎድን አጥንታቸውን አንድ በአንድ የቆጠሩ ሴት ናቸው። ቆጣሪ አንባቢው መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ መስታወት ገጣሚማ ገና ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

የግቢው የፍሳሽ ቱቦ ሲደፈን መከራው የወረደው በኔ ላይ ነው። የተከራየሁት ቤት ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ተከራዮች በታጠቡ ቁጥር እድፋቸው በኔ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ይወጣል። ልጃችን ደግሞ ገና መዳህ መጀመሯ ነው። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ አዝላት ወገቧ ተቆረጠ። ባለፈው ዓመት አንዱ መጥቶ ጠግኖ ቀብሮት ነበር፤ ወር እንኳ አልቆየም። «ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ ልጄን ይዤ እናቴ ጋ እገባለሁ» ብላኛለች፤ ደግሞም ታደርገዋለች።

አዲሱ ቧንቧ ሠራተኛ ከቤቴ እስከ ግቢው በር ቆፈረና አዲስ ቱቦ ዘረጋ። አካፋውን አንስቶ አፈሩን ሊመልስ ሲል፣ እትዬ የፕላስቲክ በርጩማቸውን ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ቱቦው አጠገብ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ውሃ ሳይወርድበት አይቀበርም!»

«እማማ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሙያ እኮ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ!»

«በውሃ ልክ ለክቼዋለሁ!»

«እዚህ ቤት የሚኖረው ውሃ ልክህ አይደለም፤ ሰው ነው!»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እኔ በሃፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተከፍታለችም፤ ግን እትዬ ይዘዋታል።

«እትዬ፣ በቃ ይተዉት፤ ዝናብ መጣ» አልኳቸው።

«አንተ ዝም በል! አምናም እንዲህ ብለህ ነው ያስቀበርከው!»

እውነታቸውን ነው። አምና እኔው ራሴ ነኝ «ቶሎ ጨርስልን» ያልኩት።

ዝናቡ ጠብ ጠብ አለ፤ እትዬ ንቅንቅ አላሉም። «ከቸኮልክ እኔንም ደርበህ ቅበረኝ!» ሲሉት ሠራተኛው ተስፋ ቆረጠና በቤቴ በኩል ሁለት ባልዲ ውሃ ደፋበት። ሁላችንም በሩ ጋ ባለው፣ ቱቦው በሚደፋበት ማንሆል ላይ አፈጠጥን። ጭላጭ መጣና ቀረ። ያኔ ሚስቴ ከውስጥ ጮኸች፤ ውሃው ተመልሶ ወለላችን ላይ ወጥቷል። ለካ መሀል ላይ አንድ ድንጋይ ቱቦውን ከስሩ ወደ ላይ አንስቶት ኖሯል።

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ይቅርታህን ተወውና ድንጋዩን አውጣ።»

ድንጋዩ ወጣ፤ ቱቦው ተስተካከለ። የሚቀጥለው ባልዲ እየተንዶቀዶቀ ማንሆሉ ውስጥ ገባ። እትዬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ወጡና፣ ማንንም ሳያዩ ቤታቸው ገቡ።

ሠራተኛው ዕቃውን ሲሰበስብ «የእትዬ ቤት ፍሳሽስ የት ጋ ነው የሚገጥመው?» አልኩት።

«የሳቸው? የሳቸውማ ለብቻው በጓሮ ነው የሚወጣው። ይሄ መስመር ቢደፈንም ባይደፈንም እሳቸውን አይነካቸውም።»

እኔ ለገዛ ልጄ ለመከራከር ሳፍር፣ እሳቸው ዝናብ ላይ ተቀምጠው ተከራከሩላት። ስለዚህ የሰፈር ሰው ሁሉ ይስማኝ፦ እትዬ ነገረኛ ናቸው፤ አልክድም። ከዛሬ ጀምሮ ግን እንዲያ ብሎ የሚያማቸው ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው።