ርቀት ሽቅብ ሲለካ

ይህን ለማንም፣ ለእናቴም እንኳ፣ ነግሬ አላውቅም።

ሰው የሚያስተምረውን ያደርገዋል ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ከእኔ ጀምራችሁ ተስፋ ቁረጡ። ጅጅጋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከዚህ አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ፣ በመኪና ግን ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም አዳር እንደሆነ ተማሪዎቼ ከእኔው አፍ ሰምተዋል። መምህርቷም በየክረምቱ በአውሮፕላን አገር ቤት እንደምትሄድ ሰፈሩ ያውቃል።

ውሸት ነው። አውሮፕላን ረግጬ አላውቅም። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ርቀትን አግድም ይለካል፤ ሽቅቡን ማን ይለካልኝ? ደመና ከእግሬ በታች ሊሆን ነው ብዬ ሳስብ ገና ወንበሬ ላይ እያለሁ ጠረጴዛዬን ጨብጬ እይዛለሁ።

ታዲያ ሻንጣዬን ይዤ ባጃጅ ውስጥ እገባለሁ፤ ጎረቤቶቼ «በሰላም ብረሪ!» ብለው ይሸኙኛል፤ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ በሹክሹክታ «ወደ መናኸሪያ» እላለሁ። ባለባጃጁ አብዲ ለምን ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ እሱን የምጠራውም ለዚሁ ጨዋነቱ ነው።

የፈሩት ይደርሳል። የጎረቤቴ የኤዶ ኸድራ (ኤዶ በሶማልኛ አክስት ነው) ኦስሎ ያለች ልጃቸው የመውለጃዋ ቀን ደረሰ። እዚህ አራስ አርባ ቀኗን ያለ እናት አትወጣም፤ ሰሜን ዋልታ ሥር ብትወልድም ያው ነው። ቲኬቱ ተቆረጠ፤ ኤዶ ግን አውሮፕላን ፈርተው አልሄድም አሉ።

አንድ ምሽት ቤቴ መጥተው የዓለም ሉሉን አስወረዱኝና ከአዲስ አበባ እስከ ኦስሎ በክር አስለኩኝ። «ይቺ ክር ስንት ሰዓት ናት?» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ናት፣ ግን አልጋ ላይ እንደመተኛት ነው አልኳቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ክሩን ጣቴ ላይ ደጋግሜ እጠመጥማለሁ፤ እሳቸው ዐይናቸውን ከጣቴ አልነቀሉም።

«እንግዲያው ነገ እስከ አዲስ አበባ አንቺ ውሰጂኝ። ከዚያ ወዲያ ዘመድ አለኝ። ያለ አንቺ ግን ወላሂ አልንቀሳቀስም» አሉ። ለካ ለእኔም ቲኬት አስቆርጠዋል።

እምቢ ብል ልጅቱ በሰው አገር ያለ እናት ልትታረስ ነው። እሺ ብል እሞታለሁ። «ከመሞት መሰንበት» ያለው ሰው ይህን ክር አላየም። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከኤዶ ጋር የአብዲ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ማንም ሳያዘው፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ መናኸሪያ ታጠፈ።

 ትከሻውን መታ አድርጌ «አየር ማረፊያ ነው» አልኩት። ዞሮ አየኝና «ዛሬ የእውነት?» አለ።

ኤዶ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አብዲ እኮ የእህቴ ልጅ ነው! አንቺ ልጅ፣ ጅጅጋ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቂ ለሰው ምስጢር ትሰጫለሽ? በሰላም ብረሪ ሲልሽ የነበረው ሰፈር በሙሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን እኔን መረጡ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ።

«የማይፈራ ሰውማ ይስቅብኛል» አሉና እጄን ያዙ።

በረርን። ደመናውን አላየሁትም፤ ዐይኔን አልገለጥኩም። ከእንግዲህ ከጅጅጋ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ካለ፣ መልሴ የኤዶ ኸድራ እጅ ተጨብጦ እስኪደነዝዝ ድረስ ነው።