ከፊት የሚጋልብ ጌታ የለም

እንደ አጃቢነት ያለ ከንቱ ሥራ አላየሁም። ሙሽራ ያጀበ ቢያንስ ጠጅ ይጠጣል፤ ሬሳ ያጀበም ንፍሮ ይቆነጥራል። የስኩተር ውድድር ያጀበ ሰው ግን ምን ያገኛል? አቧራ። ያውም የሌላ ሰው ጎማ ያስነሳውን አቧራ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ላይ ስኩተር የገዛ ሁሉ ፈረስ የተሸለመ ይመስለው ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ዲሬክተር አቶ ገረመው ደግሞ፣ ሆዳቸው ከመሪው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሆነው ሳለ፣ የስኩተር ማኅበር አቋቋሙ። አቋቁመውም ዝም አላሉም፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ታድሮ፣ ውድድር ይደረግ አሉ። ዲሬክተር ይደረግ ያለው ነገር ደግሞ ሳይደረግ ቀርቶ ያውቃል? ከጸሐፊዎቹ መካከል መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ጂፕ ተሰጠኝና ቤንዚን በጀሪካን፣ ካንዴላ፣ የጎማ ካላማዳሪያና የአቶ ገረመውን ትራስ ጭኜ ከኋላ ከኋላ እንድከተል ታዘዝኩ። ትራሱ ለምን እንደሆነ በፒስታ መንገድ ላይ ስኩተር ነድቶ የሚያውቅ ይረዳዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መንዳት የሚያውቀው አስናቀ ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የማኅበሩን ስኩተሮች የሚጠግነው እሱ ስለሆነ፣ አትወዳደርም ቢሉት የሁሉም ስኩተር የዶሮ ቆጥ ሆኖ እንደሚቀር አውቀው አስገቡት። ዓባይ ድልድይ ላይ ሞተር እስኪበርድ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ለምን እንዲህ እንደ እብድ እንደሚነዳ ጠየቅኩት። እሱም ጉዱን አጫወተኝ።

አባቱ መሪጌታ ውቤ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጄ ወንበሬን ይወርሳል ሲሉ፣ ልጅ ቅኔውን ጥሎ አዲስ አበባ ገባና ከጎማ ጋር ተወዳጀ። መሪጌታም በሽማግሌ ፊት፣ ብሞት አስከሬኔ ላይ እንዳይቆም ብለው ገዘቱት። እዚህ ላይ የሚስቅ አንባቢ ካለ አባት የለውም ማለት ነው። አባቱን አፈር ማልበስ የተከለከለ ልጅ፣ ቆሞ ቢሄድም ሰው መሆኑ ያጠራጥራል። አስናቀ አማላጅ ልኮ ልኮ፣ በመጨረሻ መሪጌታ፣ ሰው መሆኑን በዓይኔ ካየሁ አነሳለታለሁ ብለው መለሱ። ዓይናቸው ደግሞ እየደከመ ነው፤ ከክረምቱ ወዲህም ሳል ይዟቸዋል። ስለዚህ አስናቀ ማርቆስ በር ላይ አባቱ ቆመው እያዩ፣ ዲሬክተሩን ሁሉ ከኋላው አስከትሎ አንደኛ ሆኖ ሊገባ ቆርጧል። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ የእሱ ደጋፊ ሆንኩ፤ በአፌ ግን የአቶ ገረመው ነበርኩ፤ ደመወዝተኛ ነኝ።

ደጀንን እንዳለፍን አስናቀ ተፈተለከ። አቶ ገረመው ሉማሜ አጠገብ ጎማቸው ፈነዳ። እሳቸው ሻይ ቤት ገብተው ሻይ ሲጠጡ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ካላማዳሪያ ስቀይር፣ እሾሁን መንገድ ላይ የዘራሁት እኔ ይመስል በመስኮት ይቆጡኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ማርቆስ ስደርስ ስኩተሮቹ ሁሉ ገብተው፣ መጨረሻ የደረስኩት እኔና ጂፔ ነበርን።

ከተማው በሙሉ ወጥቷል። አስናቀን በትከሻ ተሸክመውት አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምንም የለም፤ ሕዝቡ እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ጂፑ ብቅ ሲል ግን እልልታው ቀለጠ። ወንዱ ጎንበስ፣ ሴቱ እልል፤ አንዲት ባልቴት ድንጋይ ተሸክመው አቤት አቤት እያሉ ጎማው ሥር ወደቁ፤ የድንበር ክርክር ነበረባቸው። አንዱ ደግሞ ዶሮ በመስኮት ሊያስገባልኝ ሲል፣ ጉቦ አልቀበልም ብዬ በኩራት መለስኩት። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። እጅ እንዴት እንደሚወዛወዝ ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ራሱ አወቀበት።

ይኼኔ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጥላ የያዙ ሽማግሌ ሕዝቡን ከፍለው መጡና የጂፑን በር ያዙ። መሪጌታ ውቤ ናቸው። ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝና በሳል መካከል እንዲህ አሉኝ፦

«ጌታዬ፣ ልጄ አሽከርዎ ነው። ድሀ ነኝ ብለው አይናቁኝ፤ ከሰው ሁሉ ፊት አያስሩጡብኝ።»

ዘልዬ ወረድኩ። አባቴ፣ ይኼ እኮ ውድድር ነው፣ ፊት የገባው አንደኛ ነው፣ ልጅዎ ዛሬ ጀግና ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ቤት ያልመታለትን ተማሪ እንደሚሰሙ ሆነው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ በተራቸው አስተማሩኝ። ግልቢያ ከሆነ ሜዳ ላይ ነው፤ በመንገድ የሚመጣ ሰው ጉዞ ላይ ነው፤ በጉዞ ደግሞ ከፊት የሚጋልብ ጌታ የለም፤ ፊት ፊት የሚሮጠው መንገድ የሚጠርገው አሽከር ነው አሉኝ። እኔ አሁንም ልከራከር ስል፣ ጃንሆይ ሲመጡ ሞተረኞቹ ከወዴት ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ከፊት ናቸው አልኩ። ጃንሆይስ? አሉኝ። ከኋላ ናቸው ልበል? የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

መሪጌታም ልጃቸው ወንበራቸውን ጥሎ የሄደው ለሰው መንገድ ለመጥረግ መሆኑን በዓይናቸው አይተው፣ ግዝቱ እንደ ጸና ነው ብለው ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። አስናቀ ባሕር ዛፍ ሥር ስኩተሩን ተደግፎ ቆሟል። አባቱ በአጠገቡ ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ፊቱ ላይ አቧራና እንባ ተቦክቷል።

ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ነገሩን ስነግረው፣ በአባቱ የሚናደድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ራሱን በእጁ ያዘ። ልጅ ሳለ አባቱ በበቅሎ ደምበጫ ሲወርዱ፣ ዱላ ይዞ ከበቅሎዋ ፊት የሚሮጠው እሱ ራሱ እንደነበረ አስታወሰ። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ይኼንን እንዴት እንደ ረሳው ደነቀው። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ነገ ከፊቴ ይሂዱልኝ» አለኝ።

ዋንጫውስ ብዬ ብጠይቀው፣ «ዋንጫ ይዤ ከአባቴ ቀብር ውጭ ልቆም ነው?» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከተማው እንደገና ወጣ፤ መሪጌታም ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። ፊሽካው ሲነፋ አቶ ገረመው ትራሳቸው ላይ ተንደላቅቀው፣ ግንባራቸውን አስቀድመው ተወነጨፉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ እኔና ጂፔ። ከሁሉ ኋላ አስናቀ፣ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ፣ በሰጋር በቅሎ እንደ ተቀመጠ መኰንን ቀስ እያለ መጣ። ስኩተሩ በዚያ ፍጥነት እንዴት እንዳልወደቀ ዛሬም ይገርመኛል፤ ጥሩ መካኒክ ስለሆነ ይሆናል። ሕዝቡ መጀመሪያ ስኩተሮቹን አየ፣ ቀጥሎ የትናንቱን ጌታ መኪና አየ፣ ከዚያ ኋላ አስናቀን ሲያይ እልልታውን አቀለጠው። መኪና ያለው ሰው እንኳ ከፊቱ መንገድ የሚጠርግለት ይኼ ማን ነው?

አስናቀ ወርዶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። መሪጌታ ጋቢውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠርተው በፊታቸው ግዝቱን አነሱ።

«አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ» አሉት።

ጂፑን አቁሜ አለቀስኩ። አቧራ ነው እንዳልል አቧራውን ሁሉ አቶ ገረመው ይዘውት ሄደዋል።

የእኔ ሹመት ግን እዚያው ላይ አበቃ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ያቺ ዶሮ ትዝ አለችኝ። መሪጌታ ትናንት ጌታዬ እያሉ እጅ እንዳልነሡኝ፣ አሁን በከዘራቸው ጂፑን ኳ ኳ አድርገው፣ አንተ ምን ይገትርሃል፣ ፊት ሂድና መንገድ ጥረግ እንጂ አሉኝ። ልነሳ ስል ደግሞ አስቆሙኝና አንድ ስልቻ በሶ በመስኮት አቀበሉኝ። ለዚያ ፊት ፊት ለሚሮጠው ወፍራም አሽከር ስጥልኝ፤ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ገላው ማሯሯጣቸው አሳዘነኝ፤ መንገድ ላይ እንዳይደክም በጥብጦ ይጠጣው አሉኝ። እሺ አልኩ።

ባሕር ዳር አቶ ገረመው አንደኛ ወጡ። አስናቀ ደምበጫ ገበያ ወርዶ ዘመድ ሲስም ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጨረሻ ገባ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚስቅ ተሸናፊ አላየሁም። አቶ ገረመው ዋንጫቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ሳለ ስልቻውን አቀረብኩ። ከየት ነው አሉ። ከደብረ ማርቆስ፣ አንድ ትልቅ የቅኔ መምህር፣ ከሁሉ ፊት ለሚሄደው ስጥልኝ ብለው የላኩልዎ ነው አልኩ። ይኼ ውሸት አለበት? አንዲት ቃል የለበትም።

አቶ ገረመው ዋንጫውን አስቀምጠው ስልቻውን ታቀፉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባለሥልጣኑን፣ ተወዳዳሪውን፣ አስተናጋጁን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። አዲስ አበባ ስንመለስም በሶውን ጠጥተው፣ ባዶውን ስልቻ ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ከዋንጫው በላይ ሰቀሉት። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ታሪኩን ይተርካሉ፤ እኔም ለምስክርነት እጠራለሁ።

«አየህ፣» ይሉኛል ወደ ስልቻው እያመለከቱ፣ «ጎጃም ሰውን ገና ሲያየው ማን እንደሆነ ያውቃል።»

«እጅግ በጣም እንጂ፣ ጌታዬ» እላለሁ፣ ጎንበስ ብዬ።