ጋሽ ይርጋን ከነአልጋቸው ለገበያ አቀረብኳቸው

ቁጭ በሉ። ቆማችሁ የምትሰሙት ጉድ አይደለም!

ዛሬ ከቀትር ጀምሮ መተማ ዮሐንስ ላይ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በኔ ሲስቅ ነው የዋለው። ወደ ቤት ልመለስ ባጃጅ ብጠራ ሹፌሩ ፊቴን አየና ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሞተር ማስነሳት አቃተው። በእግሬ ገባሁ።

ይሳቁ። በሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ግን ነገሩን ከኔው ስሙት። የዚህ ከተማ ሰው ሲያወራ ይጨምራል።

ለማታውቁኝ፣ ደጉ እባላለሁ። የቤት ደላላ ነኝ። ፕሮፋይሌ ላይ «ሪል እስቴት ኤጀንት» የሚለው ለመልክ ነው። ፊደል የለየሁት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት። ስለዚህ ስህተት ብታገኙ ዋጡት። አራሚ አልቀጠርኩም!

ከዚያ በፊት ሰሊጥ እርሻ ላይ የካምፕ ዘበኛ ነበርኩ። ብዙ ጭቃ፣ ብዙ ትንኝ፣ ትንሽ ደሞዝ። ዘንድሮ «በቃኝ፣ ከተማ ገብቼ ቤት አሻሽጣለሁ» አልኩ።

ሚስቴ ጥሩአየሁ ምን አለች?

«የራሱን ቤት ቁልፍ ሲጥል የሚኖር ሰው የማንን ቤት ነው የሚሸጠው?»

ይኸውላችሁ ድጋፍ!

ተከራክረን ተከራክረን ተስማማን። ትራክተር ወደ እርሻ ሳይወጣ አንድ ቤት፣ አንድ ብቻ፣ ከሸጥኩ ደላላ ሆኜ እቀራለሁ። ካልሸጥኩ ወደ ካምፕ እመለሳለሁ። የእርሻው ባለቤት ቦታዬን ለሌላ ሰው አልሰጡም። «ይመለሳል፣ የት ይሄዳል» እያሉ ለሰው ያወራሉ። እርግጠኝነታቸው ነው የሚያበሽቀኝ።

ይኸው ሚያዝያ ገባ። ትራክተሮቹ ጋራዥ በር ላይ ተሰልፈው ቅባት እየተቀቡ ነው። እኔ አንድ ቤት አልሸጥኩም።

የአዲስ ደላላ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ጥያቄ ነው! ቀኑን ሙሉ ጥያቄ። «ውሃ ይመጣል?» «ካርታው በማን ስም ነው?» «ክረምት ጎርፍ ያልፍበታል?» «ጎረቤቱ ፍየል አለው?»

ፍየል! እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ?

አላውቅም ካልኩ «ምን ዓይነት ደላላ ነህ» ይሉኛል። የለውም ካልኩ ደግሞ ፍየሏ ራሷ አጥር ላይ ወጥታ ታጋልጠኛለች። (ደርሶብኛል። ዓይን ለዓይን ተያይተናል።)

ሌላው ደግሞ ቤቱን ያያል፣ ያደንቃል፣ በፀሐይ ከተማውን ያዞረኛል፣ «አስቤ እደውላለሁ» ይላል። ከዚያ በኔ ላይ ዘሎ ከባለቤቱ ጋር ይጨርሳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስልክ የሚያወራ ይመስላል። ስልኩን ገልብጦ ይዞ!

እሺ። ወደ ጉዳዬ።

ጋሽ ይርጋን እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥ ነግደው ያረጁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው። በዚህ ሙቀት ኮት ሳይለብሱ ከደጃፍ ወጥተው አያውቁም። እኛ በካናቴራ ስንቀልጥ እሳቸው ኮት! ያውም ቁልፉ ተቆልፎ!

ልጆቻቸው ጎንደር ናቸው። «አርጅተዋል፣ ሙቀቱ ይጎዳዎታል፣ ቤቱን ሽጠው እኛ ጋ ይምጡ» እያሉ ወጥረው ያዟቸው። ጋሽ ይርጋም ሲሰለቻቸው ጊዜ እኔን ጠሩኝና «ሽጥልኝ» አሉኝ።

ስንት ነባር ደላላ እያለ እኔን!

ኮራሁ። ለምን እኔን ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

«ፀሐይ ሳይጠነክር ና» አሉ። «በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።»

በመንገድ ላይ ሐሳብ መጣልኝ። ቪዲዮ! ነባሮቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰው ይጠብቃሉ። እኔ ዘመናዊ ነኝ። ቀርጬ እለጥፋለሁ፣ ሰው ራሱ ይጠብቀኝ።

ትናንት ማለዳ ገባሁ። ስልኬን ከፍ አድርጌ፣ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሬ ጀመርኩ።

«ሰፊ ግቢ! ነፋሻማ! ጸጥ ያለ ሰፈር! ከነሙሉ ዕቃው!»

ቤቱን ቀረጽኩ። ኒም ዛፉን ቀረጽኩ። የውሃ ታንከሩን ቀረጽኩ። ወጣሁ። ፖስት!

ከዚያ ፉል ቤት ገባሁ። ፉሉን ሳላጋምስ ስልኬ አበደ። ላይክ! ሼር! ኮሜንት! «ይኸው፣ ጥሩአየሁ መጥታ ትየው» እያልኩ ኮሜንቱን ከፈትኩ። እኔ የማነበው ቀስ እያልኩ ነው። ውርደቱም ቀስ እያለ ገባ።

«ሰውዬውም ከቤቱ ጋር ነው የሚሸጡት?»

«ጸጥ ያለ ሰፈር ስትል ያ የሚጮኸው ምንድን ነው? ጄኔሬተር?»

«ኮታቸውስ?!»

የምን ሰውዬ? የምን ኮት? ቪዲዮውን መልሼ አየሁት።

ወይኔ!

መሀል ግቢ፣ ኒሙ ሥር፣ የገመድ አልጋቸው ላይ፣ ጋሽ ይርጋ። በካናቴራና በቁምጣ። አጎበራቸው ተጠቅልሎ። አፋቸው ወደ ሰማይ ተከፍቶ። እኔ «ነፋሻማ» ስል ሆዳቸው ከፍ ይላል። «ሰፊ ግቢ» ስል ዝቅ ይላል። «ከነሙሉ ዕቃው» ስል ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ስልኬ ልክ ፊታቸው ላይ ቆሟል።

እንዴት አላየሃቸውም ትሉኝ ይሆናል። የደጋ ሰው ናችሁ ማለት ነው!

እኛ ቆላ ላይ በዚህ ወር ቤት ውስጥ የሚያድር ማን አለ? ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ጠዋት የማንም ግቢ ብትገቡ የተኛ ሰው አለ። ስናይ ኖረናል። ለኛ እንደ ባልዲ ነው፣ እንደ አጥር እንጨት ነው። ሰላም እንኳ አንለውም። ዓይኔ ዘሏቸው ወደ ታንከሩ ሄደ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው! ሸሕዲ ደርሷል። ጎንደር ደርሷል። ልጆቻቸው ጋ ደርሷል።

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ይርጋ።

አላነሳሁም። ደግመው ጠሩ። ስልኩን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። እኔም ልገባ ሞክሬ ነበር፣ አልበቃኝ አለ።

ማምሻውን የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ።

«እኚያ ሰውዬ የተኙበት ቤት ተሸጠ እንዴ?» የሴት ድምፅ ነው። የደከመ።

ሲስተር ብርቱካን ትባላለች። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ትተኛለች ማለት፣ ትሞክራለች። የተከራየችው ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ እንኳን ሰው እንሽላሊትም ጥሎት ይወጣል።

«ከባሌ ጋር ቤት ፍለጋ ያልዞርንበት የለም» አለችኝ። «ደላላው ሁሉ ሴራሚክ ይለኛል፣ ኮርኒስ ይለኛል። ሴራሚኩን ምን ላድርገው? ልልሰው? እኔ ከተማው ነቅቶ እየተንጫጫ እንደዚያ የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም። እሱን ቤት አሳየኝ!»

ገባችሁ? በዚያ በወፍራም ድምፄ የዘረዘርኩት አንዱም ጆሮዋ አልገባም። ገዢ ያመጣልኝ የጋሽ ይርጋ ማንኮራፋት ነው!

ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ፍርሃት። ቤቱ ከተሸጠ ከካምፕ ተረፍኩ። ግን ጋሽ ይርጋን በየት በኩል አያቸዋለሁ?

ዛሬ ረፋድ ላይ ሲስተርን ከሥራ ስትወጣ ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ይርጋ በሩ ላይ ቆመዋል። ኮት ለብሰው። ቁልፉ ተቆልፎ።

ጎንበስ አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አላየሁዎትም ነበር!»

«አላየኸኝም?» አሉ። «አገር ሁሉ ሲያየኝ አንተ ብቻ አላየኸኝም?»

ከኮታቸው ኪስ ስልክ አወጡ። ቪዲዮው አላቸው! ልጃቸው ልካላቸዋለች። ለሲስተር እያሳዩዋት «ተመልከቺ እስኪ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ የተነፈስኩትን» ይላሉ።

ሚስታቸው እትዬ ፋንታነሽ ከውስጥ ብቅ አሉ። «ከትናንት ጀምረው ራሳቸውን ሲያዩ ነው የዋሉት። እኔን በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላዩኝም!»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ጎንደር ያለችው ልጃቸው ደውላ ነበር። አፍራ የምትቆጣ መስሏቸው ስልኩን ፈርተው ነው ያነሱት። እሷ ግን አለቀሰች አሉ። «እኛ ጋ ሲመጡ ሌሊቱን ሲገላበጡ ነው የሚያድሩት። እንዲህ ሲተኙ አይቼ አላውቅም። ይተዉት አባባ፣ እዚያው ይሁኑ» አለቻቸው።

ጋሽ ይርጋ ሁለት እጃቸውን አራገፉ።

«ቤቱ አይሸጥም። ኸላስ!»

እዚህ የሱዳን ድንበር ላይ ትልቅ ሰው ኸላስ ካለ አልቋል። ይግባኝ የለውም።

«ጋሼ!» አልኩ፣ ድምፄ የልጅ ሆነ። «ገዢ እጄ ላይ ይዤ?»

እትዬ ፋንታነሽ አዘኑልኝ። ባያዝኑልኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተን የመረጡህ ለምን መሰለህ፣ ልጄ? ነባሮቹ ቶሎ ይሸጡብኛል ብለው ፈርተው እኮ ነው። ‹ለደጉ ልስጠው፣ እሱ ከያዘው ማንም አይገዛውም› ብለው።»

እስኪ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። እኔ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለልጆቻቸው «ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ» ለማለት የማይሸጥ ደላላ ፈለጉ። ከተማውን ሁሉ አማተሩ። ተገኘ!

ሲስተር ብርቱካን መሀል ግቢ ቆማ ልታለቅስ ደርሳለች። «ታዲያ እኔ የት ልተኛ?»

«ነይ እስቲ» አሉ እትዬ ፋንታነሽ እጇን ይዘው። «ጓሮ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ባልሽም ሲመጣ ይበቃችኋል። ቀን ቀን አልጋሽን ኒሙ ሥር ታወጫለሽ፣ ማንም አይቀሰቅስሽም።»

ተያይዘው ገቡ። ኪራዩን ተስማሙ። ዓይኔ እያየ! ሌላው እንኳ በጓሮ ዞሮ ነው የሚዘለኝ፤ እነዚህ በፊት ለፊት ዘለሉኝ። «አንተስ?» ያለኝ የለም።

ከአልጋው ጫፍ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ለመናደድ ነው። በማርያም እላችኋለሁ፣ ለመናደድ ነው! አንድ አንድ እያልኩ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ከዚያ ከጓንግ ወንዝ በኩል ነፋስ መጣ። ኒሙ ቅጠሉን አወዛወዘ። የገመድ አልጋው ወገቤን ልክ እንደ ሰው እጅ ተቀበለው።

«ነፋሻማ» ያልኩት ለካ እውነቴን ነው!

ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ጥላው ሌላ ቦታ ዞሯል። አፌ እንደ በረሃ ደርቋል። ሦስቱም ዙሪያዬን ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጋሽ ይርጋ ኮታቸውን አውልቀዋል። በእጃቸው ስልክ አለ።

ተኝቼ ሳለሁ ቀርጸው የለጠፉት፣ ያያችሁት ያ ቪዲዮ ይኸው ነው። ከኔ የወፈረ ድምፅ አላቸው፣ ሽማግሌው።

«የሚሸጥ ደላላ! ጸጥ ያለ! ብዙ ያልተሠራበት!»

ይገባኛል።

ቤት ስደርስ ጥሩአየሁ በር ላይ ናት፣ ከሳቅ የተነሳ ዓይኗ ቀልቷል። «ሻንጣህን አውርጄልሃለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትራክተሮቹ ሊወጡ ነው፣ ስምምነታችን ስምምነት ነው። አንገቴን ደፍቼ ለእርሻው ባለቤት ደወልኩ። «እመለሳለሁ» ልላቸው ነው።

አላስጨረሱኝም።

«ደጉ፣ ቪዲዮህን አየሁት» አሉ። «እንደዚያ የሚተኛ ዘበኛ አልፈልግም።»

ዘጉት!

ጥሩአየሁ ሻንጣውን ያዘች፣ እኔ ስልኩን ያዝኩ፣ ተያየን። ከደላላነት ተባረርኩ፣ ከካምፕም ተባረርኩ። ሁለቱንም በአንድ እንቅልፍ!

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ከሸሕዲ ነው፣ ቤት የሚሸጥ ሰው።

«ግቢዬ ጥላ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ገዢው ግን አላምን አለኝ። ነገ መጥተህ ትተኛበታለህ?»

«ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አልኩ፣ እንደ ኤጀንት።

«ክፍሉን ተወው ወንድሜ! ትተኛለህ ወይስ አትተኛም?»

«ተማም፣ እተኛለሁ» አልኩ። ምን ልበል?

ጥሩአየሁ «ማን ነው? ምን ሥራ ነው?» ትላለች። ልንገራት? በምን አፌ!

እንግዲህ ነባር ኤጀንቶች ካላችሁ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። እንዲህ ላለ ሥራ ትራስ የሚያመጣው ደላላው ነው፣ ወይስ ባለቤቱ?