በብረት የታጠረ ድንኳን

አንበሳ ሳያዩ አንበሳ የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? አለቃቸው እኔ ነኝ። ወዳጄ ገዛኸኝ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ዘራፊ ፈርቶ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ሲሸጥ ኖሮ፣ ለጫካ ጉዞ ጣሪያው ላይ ድንኳን ያለው መኪና ገዛ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሸራ ብቻ ነው! አንበሳው ቢመጣስ?» አለኝ።

«እንደ ሱቅህ በብረት አሳጥረው!» አልኩት። አስበየደው።

ግቢው ውስጥ ልንሞክረው ድንኳኑ ላይ ወጣንና የፍርግርጉን በር ከውስጥ ቆለፍን። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ደነገጥኩና ቁልፉ ከእጄ አምልጦ በፍርግርጉ ሾልኮ መሬት ወደቀ። ኡኡታችንን ሰምታ የወጣችው ሚስቱ ቁልፉን አንስታ ሽቅብ አየችን።

«ምን ልስጣችሁ፣ ደንበኞቼ?»

ገዛኸኝ «ቁልፉን!» ሲል፣ እኔ እዚያው የምንከርም መስሎኝ «ዳቦ!» አልኩ።